ጅብ ሁዳዴ መግባቱን ያውቃል? የእንስሳት ጉድ እዚህ ይውጣ

የጉለሌው፦
ሰላም ቤተሰብ። ከሰሞኑ አንድ ነገር አንብቤ ለሰው ሁሉ ካላወራሁ አላስችል ብሎኛል። ጊደይ ይርጋ የተባሉ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 (በፈረንጆቹ) ያሳተሙት ጥናት ነው። ሥራው ለአፍንጫ አይመችም። ትግራይ ውስጥ እየዞሩ የጅብ አር መልቀም፣ ከውስጡ የወጣውን ጸጉር በማይክሮስኮፕ እያዩ ይሄ የበግ ነው፣ ይሄ የፍየል ነው፣ ይሄ የአህያ ነው ብሎ መለየት። ከ500 በላይ ናሙና እንደዚያ ተበጥሯል። ከፊሉ ዓብይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ከፊሉ በጾሙ ውስጥ፣ የቀረው ከፋሲካ በኋላ የተለቀመ ነው።

ታዲያ ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር የተገኘው 15 በመቶ ገደማ በሚሆነው ናሙና ላይ ነበር። ጾሙ ሲገባ 33 በመቶ ደረሰ። ፋሲካ አልፎ ሰው ሥጋ ሲጀምር ወደ 22 ወረደ።

በዚያ አካባቢ ለጅብ የሚሆን የዱር እንስሳ አልቋል ማለት ይቻላል። ጅቡ የሚኖረው ከእኛ ትርፍራፊ ነው። አጥንት፣ ሆድ ዕቃ፣ ቆዳ፣ የሞተ ከብት። ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል፣ በግ አይታረድም፣ ከጓሮ የሚጣል ነገር የለም። ጅቡ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ሽሮ አይበላ ነገር፣ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። እኛ እንጾማለን፣ ዕዳው በአህያ ይወጣል።

እስቲ እናንተም ስለ እንስሳት የምታውቁትን ጉድ አምጡ። ግን የቲክቶክ ወሬ አይደለም፣ እርግጠኛ የሆናችሁበትን።

አያ_ጅቦ፦
ስሜን አታጥፋ ወንድሜ። እኔ ከሉካንዳ በር ላይ በሰላም ነበር የምበላው። የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ ሃሃሃሃ

ጠርጣሪው፦
ጥናቱን አልተቃወምኩም፣ አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ዓብይ ጾም የሚውለው በበጋ ነው። ሣሩ የደረቀበት፣ አህያ ከስታ የምትንገዳገድበት ጊዜ። ታዲያ ጅቡ አህያ የበላው ሉካንዳ ስለተዘጋ ነው ወይስ አህያዋ ስለደከመች?

ባዮሎጂ_ቲቸር፦
@ጠርጣሪው ክፍል ውስጥ እንዳንተ የሚጠይቅ ተማሪ ባገኝ ደስ ባለኝ። ሁለቱም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ። ግን በበጋ የሚደክመው አህያ ብቻ አይደለም፣ ከብቱም በጉም ነው። ደግሞ በጉና ፍየሉ ማታ በረት ይገባል፤ አህያ ግን ውጭ የምታድርበት ቤት ብዙ ነው። ያረጀች ወይም እግሯ የተሰበረ ከሆነችማ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ጅብ ሲርበው መጀመሪያ የሚሄደው ብዙ ወደማያለፋው ነው።

እግረ መንገዴን ሌላ ልጨምር። በ2021 የወጣ፣ እዚያው መቀሌ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብ ያነሳሉ ብሎ ይገምታል። ያ ሁሉ ጥንብ ተጥሎ ቢቀር ኖሮ በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ በዓመት 5 ሰውና 140 ያህል ከብት፣ በግና ፍየል ይያዝ ነበር ይላል። ጅቡ ራሱ አባ ሰንጋ የገደለውን ከብት በልቶ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይሄዳል። አጥንቱን ከነመቅኑ ያደቀዋል። አሩ ሲደርቅ ኖራ የመሰለ ነጭ የሚሆነው ከአጥንቱ በሚወጣው ካልሲየም ነው። ሆዱ የሚያቅተው ጸጉር፣ ሰኮናና ቀንድ ነው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ያሉ ሰዎች ዝም ብለው አልተናገሩም።

የሰፈር_አክስት፦
ልጄ፣ እንዲህ አድርገህ አታሞግሰው እንጂ። እኔ ባደግኩበት አገር ጅብ ማለት በር ከዘጋን በኋላ ስሙ የማይጠራ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት እንኳ እህቴ ጋ ገብቶ ሁለት ጠቦት ይዞ ሄዷል። የጽዳት ሠራተኛ ነው ካላችሁ ደሞዙን ከሌላ ሰው በግ አይቁረጥ።

ሐረሬዋ፦
እትዬ፣ እርስዎ እኛ አገር ቢመጡ ይገረማሉ። ጀጎል ግንብ ላይ ከትልልቆቹ በሮች ሌላ ዝቅ ብለው የተሠሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ወራባ ኑዱል ነው የሚባሉት፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ሌሊት በዚያ ይገባሉ፣ ጠባቧን መንገድ ሁሉ ይዞራሉ፣ የተጣለውን ለቅመው ይወጣሉ። ማንም ድንጋይ አያነሳባቸውም። ጅኒም ይበሉልናል ይባላል። በአሹራ ጊዜ ደግሞ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ደህና አድርገው ከበሉ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል።

ቱሪስት ካሜራ ይዞ የሚመጣበት የማታው ማብላት ግን የአያት ቅድመ አያት ነገር አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ አካባቢ የመጣ ነው። ሰውየው በስም በስማቸው ይጠራቸዋል። ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ጠምጥሞ እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል። ጅቧ ቀስ ብላ አንገቷን ታስረዝምና ከንፈሩን ሳትነካ ሥጋውን ብቻ ወስዳ ትሄዳለች። በዚያ ጭን ሰባሪ መንጋጋ!

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከሄዳችሁ ሥጋውን ሳይሆን ሰልፉን ተመልከቱ። ደረታቸውን ነፍተው ፊት የሚቀርቡት ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ጭራቸውን ቆልፈው፣ ዳር ዳሩን እየዞሩ፣ ሴቶቹ እስኪጠግቡ ይጠብቃሉ።

አያ_ጅቦ፦
ቆይ ቆይ። የምን ሴት? አያቴ የነገሩኝ ጅብ ፍናፍንት ነው፣ አንድ ዓመት ወንድ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል ብለው ነው። በዓይናቸው አይተዋል፣ ሁሉም ወንድ ነው። ታዲያ ግልገሉ ከየት መጣ?

ባዮሎጂ_ቲቸር፦
አያትህ ያዩትን ነው የተናገሩት። ይሄ ወሬ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ አርስቶትል ራሱ ጅብ ሁለት ጾታ አለው የሚሉትን ሰዎች ሐሰት ነው ብሎ ጽፎባቸዋል። እሱ የተናገረው ስለ ባለመስመሩ ጅብ ሳይሆን አይቀርም። የእኛው ባለነጠብጣቡ ግን እውነትም ያደናግራል።

ከእትዬ ይቅርታ እየጠየቅኩ በግልጽ ልጻፈው። የሴቷ ቂንጥር ረዝሞ ከወንዱ ብልት ጋር አንድ ይመስላል፣ ይቆማልም። ከንፈሮቹ ተጋጥመው ስብ ስለሞላባቸው ከሩቅ ለሚያይ ቆለጥ ነው። ሌላ በር የላትም። ሽንቷ በዚያው ነው፣ ተራክቦው በዚያው ነው፣ ወሊዱም በዚያው ነው። ሴቷ ካልፈለገችና አካሏን ወደ ውስጥ ካልሰበሰበች ወንዱ ምንም ማድረግ አይችልም። አስገድዶ የሚባል ነገር ጅብ ዘንድ በተግባር የለም።

በመጠንም ሴቷ ትበልጣለች። መንጋውን የምትመራው ሴት ናት። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ብዙውን ጊዜ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ሌላ መንጋ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ከመጨረሻዋ ሴት በታች፣ ከሁሉም ቀድሞት ከመጣ ወንድ በታች ሆኖ ተራውን ይጠብቃል።

የሰፈር_አክስት፦
በስመ አብ! እኔ እኮ ለልጆቹ ላነብላቸው ነበር። ይህን ሳታነቡ እለፉ ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት። (ግን ቀጥል፣ ወሊዱ እንዴት ነው የሚሆነው?)

ኦክላንዱ፦
እትዬ እኔ ልመልስልዎት፣ ምክንያቱም ነገሩ የተጠናው እኔ ከምኖርበት ከተማ አጠገብ ነው። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከግቢው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ጅብ ያረባ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከኬንያ ግልገሎች አምጥተው ነው የጀመሩት፤ ሎረንስ ፍራንክና ስቲቨን ግሊክማን የሚባሉ ሳይንቲስቶች ናቸው ያቋቋሙት። በ2014 ገንዘብ አጥሮ ተዘጋ። ካሊፎርኒያ ኮረብታ ላይ ጅብ ሲያጓራ አስቡት፣ ለእኛ ሰው አገር ቤት መሰለው።

ወሊዱ ከባድ ነው። ልጁ የሚወጣበት መንገድ ተጣጥፎ ስለሚሄድ በእሷ መጠን ያለ ሌላ እንስሳ ካለው እጥፍ ያህል ይረዝማል። እትብቱ ደግሞ አጭር ነው። ግልገሉ ገና መንገድ ላይ ሳለ እትብቱ ይበጠስና አየር ያጥረዋል። በርክሌይ ከነበሩት መጀመሪያ ከወለዱት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ግልገሎች ሞተው ነው የተወለዱት። በመጀመሪያው ወሊድ ያ አካል ይቀደዳል። ጠባሳው ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወሊድ ይቀላል።

ሌላው የገረመኝ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው የወንድ ሆርሞን ነው እንዲህ ያደረጋት ብሎ ደመደመ። እርጉዞቹን ያንን ሆርሞን የሚያግድ መድኃኒት ሰጧቸው። ሴቶቹ ግልገሎች ግን ያንኑ አካል ይዘው ተወለዱ። ቅርጹ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም።

የሰፈር_አክስት፦
ምስኪን። ማርያም ትቅረባት። ከዛሬ ጀምሮ ጅቧን አልሰድብም፣ ወንዱን ብቻ ነው።

ጠርጣሪው፦
እንዲህ የሚያሰቃይ ነገር ከሆነ ታዲያ ለምን ቀረ? ተፈጥሮ ሲመርጥ ይህን አያስቀረውም?

ባዮሎጂ_ቲቸር፦
እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ ወገን የጉልበተኝነቷ ተከታይ ነው ይላል፤ በማኅፀን ሳለች የሚደርሳት ሆርሞን ጠበኛ ያደርጋታል፣ ጠበኛ ጅብ ደግሞ ለልጇ ሥጋ ታተርፋለች። ጅቦች ሲበሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሜዳ አህያ የሚያህል እንስሳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከነአጥንቱ ይጠፋል። ወደ ኋላ የተገፋ ልጅ ምንም አይደርሰውም። ሌላው ወገን ማን እንደሚያስረግዛት ለመምረጥ ይጠቅማታል ይላል።

ግልገሎቹም የዋዛ አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ መንታ ነው የሚወለደው። ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርስ አብቅለው ነው የሚመጡት፤ በተወለዱ በደቂቃዎች ውስጥ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ምግብ ባጠረበት ዘመን አንደኛው ሌላኛውን እስከ መግደል ይደርሳል።

ሥልጣኑ ደግሞ ይወረሳል። የንግሥቲቱ ልጅ ከእናቷ ቀጥላ ትቀመጣለች። ከእህትማማቾች መሃል የበላይ የምትሆነው ታላቋ ሳትሆን የመጨረሻዋ ናት። በ2018 ታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ሁለት ጅብ ሲጋጠሙ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ቆጥሮ ነበር። ጡንቻ አይደለም። ከኋላ የሚቆምለት ዘመድ የበዛለት ነው። ሴቶቹ ተወልደው ባደጉበት ስለሚኖሩ ዘመድ አላቸው፤ ወንዱ ግን መጤ ነው።

አያ_ጅቦ፦
ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የተባለው ውሸት ነዋ! በማያውቁት አገርማ ቁርበት አንጣፊው እሱ ነው።

የጉለሌው፦
ሃሃሃ ይሄን አልጠበቅኩም። ቲቸር፣ አንድ ልጠይቅዎት፣ ጅብ የውሻ ዘመድ ነው አይደል? ፊቱም ጭራውም...

ባዮሎጂ_ቲቸር፦
አይደለም። ለድመትና ለጥርኝ ነው የሚቀርበው። አሁን በዓለም ላይ አራት ዓይነት ጅብ አለ፣ ሦስቱ እኛ አገር አሉ። ባለነጠብጣቡን ሁላችን እናውቀዋለን። ባለመስመሩ ብቸኛና ዓይን አፋር ነው። ሦስተኛው ቀጭን፣ ምስጥ ብቻ የሚበላ፣ ጥርሱ የተመናመነ ሚስኪን ነው፤ በአንድ ሌሊት እስከ 300,000 ምስጥ በምላሱ ይልሳል። ከብት ይበላል ተብሎ በየቦታው በከንቱ ይገደላል።

ጅብ ጥንብ ብቻ ነው የሚበላ የሚለውም ልክ አይደለም። ሃንስ ክሩክ የተባለ ሆላንዳዊ በ1960ዎቹ ንጎሮንጎሮና ሰረንጌቲ ውስጥ ሌሊት ሌሊት በመኪና እየተከተላቸው ነው ይህን ያወቀው። ጠዋት የሚመጣው ሰው አንበሳ ሬሳ ላይ ተኝቶ ጅብ ዙሪያውን ሲያንዣብብ ያያልና ሌባው ጅብ ነው ይላል። ሌሊት የገደለው ግን ጅቡ ነበር። ነጣቂው አንበሳው ነው።

የመንዝ_ብርድ፦
እኔ ከጅብ ላውጣችሁ። ጓሳ አጠገብ ነው ያደግኩት። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አብረው ሲውሉ ታያላችሁ። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፣ በመሃላቸው ቀበሮው ቀስ እያለ ይሄዳል። አይሮጥም፣ ዓይናቸውን አያይም። ግልገል ጭላዳ ከእጁ ቢደርስም አይነካም። ውሻ ሲመጣ ግን እነዚያው ጭላዶች በአንዴ ወደ ገደሉ ይገለበጣሉ።

ነገሩን ያጠኑት ሰዎች ቆጥረውታል፣ በ2015 ነው የወጣው። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ነው የሚሳካለት፣ 25 በመቶ። ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ። አይጦቹ በጭላዳው ግርግር ከጉድጓድ ይወጣሉ ወይም ቀበሮው እየመጣ መሆኑ አይታወቃቸውም። አንድ ቀበሮ አንድ ጊዜ ግልገል ለመንጠቅ ሞክሮ መንጋው አሳዶ አባሮታል፣ ተመልሶ እንዲገባም አልፈቀዱለትም።

የሰፈር_አክስት፦
ጭላዳ ዝንጀሮ አይደለም እንዴ? ሣር ብቻ ነው የሚበላ?

የመንዝ_ብርድ፦
እትዬ፣ እንደ በግ ሣር እየጋጠ የሚኖር ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን እሱ ብቻ ነው የቀረው። በቂጡ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ነው የሚውለው። ለዚያ ነው ሌላው ዝንጀሮ በቂጡ የሚያሳየውን ቀይ ምልክት እሱ ደረቱ ላይ የያዘው ይባላል።

የባሌው_ጭጋግ፦
ቀይ ቀበሮ ከተነሳ እኔም አለኝ። ባሌ ተራራ ላይ አሸንዳ የሚባል አበባ አለ፤ የጅብ ሽንኩርት የሚሉትም አሉ። ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ቀይ፣ ታቹ ቢጫ። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ እየነቀልን ማሩን እንልስ ነበር። ቀበሮውም እንደኛው ነው። ከአበባ ወደ አበባ እየሄደ፣ ከታች ያሉትን የበሰሉትን እየመረጠ ይልሳል። በ2024 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ጋር ሆነው አሳተሙት። በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ የጎበኘ ቀበሮ አለ። አፍንጫው በቢጫ ዱቄት ተለውሶ ይወጣና ወደ ሚቀጥለው አበባ ይወስደዋል። ሥጋ በል ሆኖ የንብ ሥራ የሚሠራ ትልቅ አውሬ ሲገኝ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

ላብ_ጓንት፦
እስካሁን ፍልፈል ሳይነሳ መቅረቱ ነውር ነው። ጸጉር አልባውን ፍልፈል ማለቴ ነው። በአፍሪካ ቀንድና በኬንያ ብቻ ነው የሚገኘው። ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ ጀርመናዊ በ1842 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ናሙናው ከሸዋ የሄደ ነበር። አሁን የዓለም ካንሰርና እርጅና ላብራቶሪ ሁሉ እሱን ነው የሚያሳድደው።

መልኩን ብታዩ ታዝኑለታላችሁ። የተጨማደደ ሮዝ ቆዳ፣ ከከንፈሩ ውጭ የበቀሉ ረጃጅም ጥርሶች፤ ሲቆፍር አፈር አፉ እንዳይገባ ከንፈሩ ከጥርሱ ኋላ ይዘጋል። ጥርሶቹን ለየብቻ ማንቀሳቀስም ይችላል። እንደ ንብ አንዲት ንግሥት ብቻ ናት የምትወልደው፣ ሌላው ሁሉ ሠራተኛና ወታደር ነው። ስትሞት ሴቶቹ ለዙፋኑ እየተናከሱ ይገዳደላሉ።

ተራ አይጥ ሦስት ዓመት ከኖረ ብዙ ኖረ፤ ይሄ ከ30 በላይ ይኖራል። ካንሰር አንድ ሁለቱ ላይ ታይቷል እንጂ ብርቅ ነው። አሲድ ቆዳው ላይ ብታደርግበት ሕመሙ አይሰማውም። በ2017 ኦክስጅን ጨርሶ በሌለበት አየር ውስጥ አስገቧቸው፣ 18 ደቂቃ ቆይተው ሲያወጧቸው ነቅተው ሥራቸውን ቀጠሉ። አእምሮአቸው በግሉኮስ ፈንታ ፍሩክቶስ ወደማቃጠል ይዞራል፣ ለዚያ ደግሞ ኦክስጅን አያስፈልግም። ኑሮው ጉድጓድ ውስጥ ተነባብሮ ስለሆነ አየሩ ሁሌም የታፈነ ነው።

ጠርጣሪው፦
ከንግሥቲቱ በስተቀር ማንም አይወልድም ስትል፣ ሌሎቹ መካን ናቸው ወይስ ተከልክለው?

ላብ_ጓንት፦
ተከልክለው። ለይተህ ብቻዋን ከወንድ ጋር ብታስቀምጣት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለመውለድ ትዘጋጃለች። ንግሥቲቱ ቀኑን ሙሉ በጉድጓዱ እየዞረች ትገፈትራቸዋለች። ንግሥት የሆነችው ደግሞ ወገቧ ይረዝማል፤ የአከርካሪ አጥንቷ እንደ አዲስ ያድጋል።

ጠርጣሪው፦
እሺ፣ እኔም ባዶ እጄን አልሂድ። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ፣ እኛም አገር፣ አንገቱ ላይ ጋማ ያለው ትልቅ አይጥ አለ። መረንዝ የሚባለውን ዛፍ ታውቁታላችሁ? ቀስት የሚመረዝበት። ይሄ አይጥ የመረንዙን ቅርፊት ያኝክና ጭማቂውን ጎኑ ላይ ያለ ልዩ ጸጉር ላይ ይቀባዋል። ጸጉሩ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ መርዙን እንደ ኩራዝ ክር ይመጥጣል። አደጋ ሲመጣ አይሸሽም። ቆም ይልና ጸጉሩን ከፍሎ የተቀባውን ቦታ ያሳያል፣ ከደፈርክ ንከስ ነው። የነከሰ ውሻ ወይ ይሞታል ወይ ታሞ ይሰነብታል፣ ሁለተኛም አጠገቡ አይደርስም። ጥናቱ በ2011 ነው የወጣው። ራሱን መርዙ ለምን እንደማይገድለው ነው የሚገርመው።

የሰፈር_አክስት፦
እኔ የምታውቁልኝ ዳዊት ነው። ድንጋዮች ለሽኮኮዎች መሸሸጊያ ናቸው ይላል። ስለ ሽኮኮ የተባለ ነገር የለም ወይ?

ባዮሎጂ_ቲቸር፦
እንዴት የለም እትዬ! ያች ጥንቸል የምታህል ሽኮኮ በዝምድና የምትቀርበው ለአይጥ አይደለም፣ ለዝሆንና ውሃ ውስጥ ለሚኖረው ለባሕር ላም ነው። የእግር ጥፍሯን ይዩት፣ ጠፍጣፋ ነው። የላይኞቹ ሁለት ጥርሶች ሳያቋርጡ ያድጋሉ፣ እንደ ዝሆን ጥርስ። ወንዱ ቆለጡ ከውጭ የለም፣ እንደ ዝሆን ሆዱ ውስጥ ነው። የሰውነት ሙቀቷን በደንብ መቆጣጠር ስለማትችል ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ተደርድራ ፀሐይ የምትሞቀው ለዚያ ነው።

የሰፈር_አክስት፦
የዝሆን ዘመድ! ተባረክ ልጄ፣ ይሄ ለልጆቹ ይነበባል። አንድ የመጨረሻ። ያ ሌሊት ሌሊት የሚስቀው ጅብ ምን አይቶ ነው የሚስቀው? እናቴ ሰው በልቶ ነው ትለን ነበር።

ባዮሎጂ_ቲቸር፦
ደስ ብሎት አይደለም እትዬ። አብዛኛውን ጊዜ የሚስቀው የተገፋ፣ ከሥጋው የተከለከለ፣ የበላዩ የጮኸበት ጅብ ነው። በርክሌይ ላይ ድምጹን ቀርጸው ሲተነትኑት በሳቁ ውስጥ ዕድሜውና ደረጃው ይሰማል። የበታቾቹ ሳቅ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የበላዮቹ ረጋ ያለ ነው።

ያ ረጅሙ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄደው ጩኸት ሌላ ነው፣ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። እያንዳንዱ ጅብ የራሱ ድምጽ አለው። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች የማያውቋቸውን ጅቦች ድምጽ በማጉያ አሰሟቸው። አንዴ የአንድ፣ አንዴ የሁለት፣ አንዴ የሦስት ጅብ። ሰሚዎቹ እንደ ቁጥሩ ነው የሆኑት። ድምጹ አንድ ሲሆንና እነሱ ሲበዙ ደፍረው ቀረቡ፣ ሦስት ሲሆን ተጠንቅቀው ዘገዩ። ስንት እንደመጣባቸውና እነሱ ስንት እንደሆኑ ያነጻጽራሉ ማለት ነው።

ሐረሬዋ፦
ይሄ እውነት ነው። እኛ ሰፈር ማታ የሌላ ወገን ጅብ ሲመጣ ጩኸቱ ወዲያው ይለያል። መጀመሪያ ጸጥ ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ወይ ተሰብስበው ይወጣሉ ወይ ይቀመጣሉ።

አያ_ጅቦ፦
እስከ ሦስት መቁጠር ከቻልኩማ የሰፈሩ ዕድር ገንዘብ ያዥ አድርጉኝ።

የሰፈር_አክስት፦
አንተን? ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው። ለሴቷ ከሆነ ግን እናስብበታለን።